ከማሽኑ በፊትና በኋላ፦ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በአዊ ሆስፒታሎች

ስለ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲነሳ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ማሽኑ አለ ወይስ የለም? ጎብኚ ሹም ሲመጣ የሚታየው ማሽኑ ነው። ሕዝብ በስብሰባ የሚጠይቀውም፣ በዓመቱ ሪፖርት የሚጻፈውም እሱው ነው። ማሽን አያስፈልግም የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን የክሊኒካል ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ታካሚን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም በአብዛኛው ከማሽኑ በፊትና ከማሽኑ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ደሙ እንዴት ተቀዳ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) ለማን ዋለ፣ ውጤቱ መቼና በማን እጅ ገባ? እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባሉ ከተሞች፣ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ትልቅ ወጪ በሆነበት አካባቢ፣ ይህ ሥራ ካልተጠበቀ አዲስ ማሽን ስህተቱን በንጹህ ወረቀት አትሞ ከማውጣት ያለፈ አይረዳም።

ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው ዓይን የሚያየውን ነው፤ የወባ ተሐዋሲን፣ የቲቢ ባክቴሪያን፣ የደም ሕዋስን። ኬሚስትሪ ደግሞ በደሙ ውስጥ የሟሟውን ይለካል፤ ስኳርን፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ክሬያቲኒንን፣ ቢሊሩቢንን፣ ጂኦቲና ጂፒቲ የሚባሉትን የጉበት ኢንዛይሞች፣ ሶዲየምና ፖታሲየምን። ከእነዚህ የብዙዎቹ ዘዴ በመሠረቱ ቀላል ነው። ሰረም፣ ማለትም ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ፣ ከሪኤጀንት ጋር ሲደባለቅ ቀለም ይፈጠራል፣ ማሽኑ ብርሃን ያሳልፍበታል፣ ምን ያህሉ እንደተዋጠም ይለካል። ለክሬያቲኒን ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት የፒክሪክ አሲድ ዘዴ ማክስ ያፌ በ1886 እ.ኤ.አ. ከገለጸው የቀለም ለውጥ የመጣ ነው። ሳይንሱ አርጅቷል፣ ተፈትኗል። የሚያስቸግረው በዙሪያው ያለው ነው።

ጥቅሙን ለማየት ጃዊን እንውሰድ። በአማራ ክልል ያለው የአዊ ዞን ከባንጃና ከፋግታ ለኮማ ደጋ ተነስቶ ወደ ጓንጓ፣ ዚገምና ጃዊ ቆላ ይወርዳል፤ ቆላው የወባ አገር ነው። አንድ ሕፃን ራሱን ስቶ ሲመጣ ማይክሮስኮፕ ወይም ፈጣን መመርመሪያ ወባ መኖሩን ይናገራል። ልጁ ለሞት ቀርቦ እንደሆነ ግን አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ ወባን ከሚለይባቸው መስፈርቶች ውስጥ አንዳንዶቹ የኬሚስትሪ ናቸው፤ ለምሳሌ ስኳር ከ40 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ ክሬያቲኒን ከ3 በላይ፣ ከብዙ ተሐዋሲ ጋር ደግሞ ቢሊሩቢን ከ3 በላይ። ስኳሩ የወረደበት ሕፃንና ወባው ወደ ጭንቅላት የወጣበት ሕፃን አልጋ ላይ ተመሳሳይ መስለው ይተኛሉ። የመጀመሪያው በደም ሥር ግሉኮስ በቶሎ ሊነቃ ይችላል። ስኳሩን ከጣት ጫፍ በግሉኮሜትር ማየት ይቻላል፤ ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑን ለማወቅ ግን ላቦራቶሪ ግድ ነው።

ኩላሊትን ካነሳን አይቀር ትንሽ እንቆይበት። ክሬያቲኒን ጎልቶ ከፍ የሚለው የኩላሊት አቅም በግማሽ ገደማ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ "ኖርማል" የሚል ወረቀት ብቻውን አያጽናናም። ሁለት ሰዎች እኩል 1.2 ውጤት ይዘው ወጡ እንበል፤ አንዱ የ25 ዓመት ወጣት፣ ሁለተኛዋ ደም ግፊት ያለባቸው የ70 ዓመት እናት። በ2021 እ.ኤ.አ. በታደሰው የኩላሊት ማጣሪያ ቀመር ሲሰላ ወጣቱ 86 ገደማ ያገኛል፣ እናታችን ደግሞ ወደ 49። ከ60 በታች ሆኖ ለሦስት ወር ከቆየ የረጅም ጊዜ የኩላሊት ሕመም ይባላል። እኩል ቁጥር የያዙ ሁለት ሰዎች አንዱ ጤነኛ፣ አንዷ ታማሚ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ቀመሩ ዕድሜና ፆታ እንጂ ሌላ ሪኤጀንት አይፈልግም። ስልክ ላይ ይሠራል፤ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሠንጠረዥም ይሆናል። አንድ ሳንቲም ሳይጨመር የዳንግላን ወይም የእንጅባራን የኬሚስትሪ ውጤት በእጥፍ የሚያስጠቅም ነገር ጥቀስ ብባል ይህንን እጠቅሳለሁ። ኩላሊት ከደከመ በኋላ ያለው መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እናውቃለንና፤ በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ዲያሊሲስም ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከትልልቅ ከተሞችም ብዙ አልወጣም።

አሁን ወደ ቱቦው። በቱቦ የተቀዳ ደም አልሞተም። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት መመገባቸውን ይቀጥላሉ፤ ሰረሙ ካልተለየ በክፍል ሙቀት ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ሳይበላ የመጣ ሰው ስኳሩ 140 ነበር እንበል። ቱቦው ሌሎች ሳምፕሎች እስኪሰበሰቡ ወይም መብራት እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ቢቆም ውጤቱ ወደ 120 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የስኳር በሽታ መለያው 126 ነው። ሰውዬው "ስኳር የለብህም" ተብሎ ይሸኛል፤ ማሽኑ ግን አልተሳሳተም፣ ያገኘውን በትክክል ለክቷል።

ይህ ነገር በአዊ ምድር ሁለት መልክ አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በጃዊ ሙቀት ስኳሩ በፍጥነት ይበላል፤ ኢንፌክሽን ነጭ የደም ሕዋሳቱን ካበዛ ደግሞ ይብስበታል። በእንጅባራ ብርድ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይቀንሳል፤ ግን ፖታሲየምን በሕዋስ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ፓምፕ በቅዝቃዜ ይደክማል። ፖታሲየሙ ወደ ሰረሙ ይፈስሳል። በክረምት ጠዋት መስኮት ሥር የቆየ ቱቦ ጤነኛውን ሰው ልቡ ሊቆም የተቃረበ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እናም "ሳምፕሉን ቶሎ ላኩ" የሚል አጠቃላይ ማስታወቂያ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን የአየር ጠባይ አውቆ የራሱን ሰዓት መወሰን አለበት።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ደሙ ከረጋ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊውጅ አድርጎ (በማሽን በፍጥነት አሽከርክሮ) ሰረሙን መለየት፤ ለስኳር ፍሎራይድ ያለበትን ግራጫ ክዳን ቱቦ መጠቀም፤ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ቱቦው ላይ መጻፍ። የመጨረሻዋ በብዛት የምትዘለለው ናት፤ ሰዓት ያልተጻፈበት ቱቦ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደቆመ ማንም አያውቅም። ከዚያ የሰረሙን መልክ ማየት ነው። ሴንትሪፊውጅ ከተደረገ በኋላ ከላይ የሚቀረው ሰረም የገብስ ጭድ መልክ ሊኖረው ይገባል። ከቀላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ፈንድተዋል፤ ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ ወይም ከሲሪንጅ ወደ ቱቦ ተገፍቶ ይሆናል፤ ፖታሲየሙና ጂኦቲው በሐሰት ከፍ ይላሉ። ያን ጊዜ የላቦራቶሪ ባለሙያው "ሲስተር፣ ይሄ ሄሞላይዝድ ነው፣ እንደገና ቅጂልኝ" ማለት መቻል አለበት፤ ሲስተሯም እንደ ስድብ ልትወስደው አይገባም። ይህች አጭር ንግግር በሰላም የምታልቅበት ሆስፒታል ጥሩ ሆስፒታል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቱቦውም በፊት ታካሚው አለ። "እናቴ፣ ምግብ ቀምሰዋል?" ሲባሉ "ኧረ ምንም ልጄ፣ ቡና ብቻ ነው" ይላሉ፤ ቡናው ግን ስኳር ነበረበት። በብዙ ቤት ቡና ከምግብ አይቆጠርም፣ እናትየው አልዋሹም። ጥያቄው "ቡና ወይም ሻይ በስኳር ጠጥተዋል?" መሆን ነበረበት፤ አማርኛ ለማይቀናቸው አዛውንት ደግሞ በአውኝኛ።

ስለ ጥራት ቁጥጥር ባጭሩ ልለፍ። ሌቪና ጄኒንግስ በ1950 እ.ኤ.አ. ለክሊኒካል ላቦራቶሪ ያመጡት የኮንትሮል ቻርት፣ ዌስትጋርድም በ1981 ያወጣቸው ሕጎች በእርሳስና በወረቀት የሚሠሩ ናቸው። ውጤቱ የሚታወቅ ኮንትሮል በየጠዋቱ ከታካሚዎች በፊት ይሠራል፣ ነጥቡ ቻርቱ ላይ ይወድቃል፣ ከወሰኑ ካለፈ የታካሚ ውጤት አይወጣም። ፈተናው የሚመጣው ኮንትሮሉ ከወሰን ወጥቶ በር ላይ ብዙ ሰው ሲሰለፍ ነው። ያኔ ባለሙያው "ዛሬ ክሬያቲኒን አንሠራም" ቢል ከጀርባው የሚቆምለት ሥራ አስኪያጅ ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ላይ በ"ኖርማል" ስም የሚታተመው ወሰንም ከሪኤጀንቱ አምራች የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ሕዝብ የተወሰደ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በፕሎስ ዋን መጽሔት በአማራ ክልል ጤናማ ወጣቶች ላይ የተሠራ የኬሚስትሪ መነሻ ወሰን ጥናት ታትሟል። እንዲህ ያለው ሥራ በመደርደሪያ ከሚቀር በየሆስፒታሉ ተፈትሾ ቢሠራበት ይበጃል።

አሁን አወዛጋቢ ወደሆነው ነገር ልምጣ። ሪኤጀንት አለቀ ሲባል ጣት የሚቀሰረው አቅራቢው ላይ ነው። እውነት አለው፤ ብዙ ማሽኖች የራሳቸውን አምራች ሪኤጀንት ብቻ ይቀበላሉ፣ የውጭ ምንዛሬ ያስፈልጋል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ዕቃም ታካሚም ይቆማል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ለራሳችንም እናንሳ። ለመጣው ሁሉ "ኤልኤፍቲ፣ አርኤፍቲ" ብሎ ሙሉ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ጥቅል ማዘዝ ልማድ ሲሆን፣ ሆዱን ለቆረጠው ወጣት የተሠራው ስድስት ምርመራ ከወር በኋላ በኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ መንዘፍዘፍ) ስጋት ለምትመጣው ነፍሰ ጡር የሚያስፈልገውን ሪኤጀንት ይበላል። የእሷ ጂፒቲና ክሬያቲኒን ውሳኔ ያስለውጣል፤ የእሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይለውጥም። ሐኪሞች "ምርመራ ከመጉደል መብዛት ይሻላል" ሲሉ እሰማለሁ። ሪኤጀንት በማያልቅበት አገር ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን የበዛው ከሌላ ሰው የጎደለ ነው። ስለዚህ ለስኳር፣ ለክሬያቲኒን፣ ለጂፒቲና ለቢሊሩቢን፣ ከተቻለም ለፖታሲየም፣ ለድንገተኛ ታካሚ ብቻ የሚወጣ መጠባበቂያ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። ቁልፉም በላቦራቶሪው ኃላፊ እጅ ይሁን።

የሪኤጀንት ማለቅ ዳፋው በጤና መድኅን ላይም ይወርዳል። መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ምርመራው ሆስፒታሉ ውስጥ ሲጠፋ ወደ ግል ላቦራቶሪ ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል፤ በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ለማደስ ቢያመነታ አይፈረድበትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ዕጣ ከላቦራቶሪው መደርደሪያ ጋር የተያያዘ መሆኑን የወረዳ አመራሮች ሊያዩት ይገባል።

ይህ ሁሉ የማይሆን እንዳልሆነ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በ1997 ዓ.ም. የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒቱ ጉበትና ኩላሊት ሊነካ ስለሚችል የኬሚስትሪ ክትትል ተፈለገ። ማሽን ብቻ ሳይሆን ሥልጠና፣ የናሙና ትራንስፖርትና ቁጥጥር አብሮ መጣ፤ ፖስታ ቤት ሳይቀር ናሙና አመላላሽ ሆነ። ለአንድ በሽታ የተዘረጋው ሥርዓት ለስኳርና ለደም ግፊት የማይዘረጋበት ምክንያት አይታየኝም። ለኬሚስትሪ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ሙሉ ደም ሳይሆን አስቀድሞ የተለየ ሰረም መሆን አለበት። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ደግሞ በከተማው አጠቃላይ ሆስፒታል ልምምድ ሲወጡ ቻርት መሙላትን፣ ሰዓት መጻፍንና ጥሩ ያልሆነ ሳምፕል መመለስን እዚያው ቢለምዱት በየወረዳው ሲመደቡ ይዘውት ይሄዳሉ።

የቀረው ከውጤቱ በኋላ ያለው ነው። ፖታሲየም ከ6.5 ሲያልፍ ወይም ስኳር ከ40 ሲወርድ ወረቀቱ እስኪወሰድ መጠበቅ አይቻልም፤ ባለሙያው ወዲያው ደውሎ ለሐኪሙ በቃል መናገር፣ የነገረውን ሰውና ሰዓቱን መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ለተኛ ታካሚ ይህ አይከብድም። ተመላላሹ ግን ደም ሰጥቶ፣ ውጤቱ ነገ ነው ተብሎ፣ ወደ መናኸሪያ ወርዷል። ስለዚህ በምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፤ የታካሚው ወይም የቅርብ ዘመዱ ስልክ፣ እንዲሁም የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ። ቅጹን የሚያሳትመው ሆስፒታሉ ራሱ እስከሆነ ድረስ ይህን ለመወሰን የአንድ ቦርድ ስብሰባ ይበቃል፤ የመደወያውን ካርድ ወጪ ማን እንደሚሸፍንም በዚያው ስብሰባ ይወሰን።