«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ»

«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» የማይባልበት ቤት አለ? ረከቦቱን ላንሳ ስትል «ተይው»፣ እስከ ሱቅ ልውረድ ስትል «ልጁን እንልከዋለን»። አንድ ጊዜ አዳልጧት ከሆነ ወይም ጎረቤት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ዘበኛ ይሆናል። ከፍቅር ነው፤ እሱ አያጠያይቅም። ግን ውድ አንባቢዬ፣ በዚህ ጥበቃ መሀል የእናትዎ እግር እየደከመ መሆኑን ልብ ብለዋል?

መውደቅን የፈራ ሰው እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ሥራ የፈታ የጭን ጡንቻ ይሳሳል፣ ሚዛን መጠበቅም ይከብዳል። ያኔ የተፈራው መውደቅ ይበልጥ ይቀርባል። ሐኪሞች ፍርሃቱን ራሱን የሚለኩበት መንገድ አላቸው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ቲኔቲ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው መጠይቅ፣ አረጋውያን ሳይወድቁ ለመታጠብ፣ ለመልበስና ከወንበር ለመነሳት ምን ያህል በራሳቸው እንደሚተማመኑ ይጠይቃል። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ፍርሃት ቶሎ እንደሚሸጥ በሙያዬ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ግን በነጻ የምናድለው እኛው ልጆች ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ከ100 በላይ ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለዚህ ጂም መመዝገብ አያስፈልግም።

ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስጠጉ። ፕላስቲኩ አይሁን፣ ይንሸራተታል። እናትዎ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ጊዜ ይበቃል፣ እጃቸውን ቢደገፉም ችግር የለም። ቀጥሎ ጠረጴዛ ይዘው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርገው፣ ተረከዝና ጣት አገናኝተው 10 ሰከንድ ይቁሙ፤ ይህኛው ከሚመስለው በላይ ይከብዳል፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ መደገፊያውን ይዘው ጥቂት ደረጃ መውጣትና መውረድም አንድ ልምምድ ነው። ሁሌም ሰው አጠገባቸው ይኑር።

ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም በዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ወድቀው ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማና ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍም ዛሬውኑ ከቤት ይውጡ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ከትራሳቸው አጠገብ ይኑር።

ከሁሉ በፊት ግን የሚፈሩት ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። የአጥንት መሰበር ላይሆን ይችላል፤ ሰው ፊት መውደቅ ወይም ለልጅ ሸክም መሆን ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ከሆነ ሰው በማይበዛበት ቀን አብረው ይሂዱ። ከጎናቸው ይቁሙ እንጂ ክንዳቸውን አይጎትቱ።