የመካኒኩ ሰዓትም ሸቀጥ ነው

በሐዋሳ ከተማ መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ደንበኛ ሒሳቡ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚከራከረው በእጅ ዋጋው ላይ ነው። መለዋወጫው ደረሰኝ አለው፤ ዋጋውንም ሱቅ ገብቶ ማጣራት ይቻላል። የእጅ ዋጋ ግን ባለጋራዡ በግምት የሚጠራው፣ ደንበኛውም በግምት የሚቀንሰው ሒሳብ ሆኗል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ በመወደዱ ክርክሩ ከሯል።

ከጭቅጭቁ ለመሸሽ የእጅ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን በመለዋወጫው ላይ የሚጭን አለ። ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ደንበኛው የዕቃውን ዋጋ ሌላ ሱቅ ጠይቆ የደረሰበት ዕለት ዳግም አይመለስም፤ ወይም ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ይመጣና ለባለጋራዡ ያ ዝቅተኛ የእጅ ዋጋ ብቻ ይቀርለታል። የታክስ ጥቅምም የለውም፤ ተመዝጋቢ ድርጅት 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስበው ከዕቃውም ከጉልበቱም ነውና።

ለስሌት እንዲመች ወርሃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ መካኒክ እንውሰድ። የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲታከል 13,320 ብር ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 208 ሰዓት ነው፤ አንዱ ሰዓት 64 ብር ገደማ ያወጣል። ነገር ግን ዕቃ ሲጠበቅና መብራት ሲጠፋ ያለፈው ተቀንሶ በደንበኛ ሥራ ላይ የዋለው 120 ሰዓት ብቻ ቢሆን፣ የአንዱ ሰዓት ወጪ ወደ 111 ብር ያሻቅባል። ኪራዩ፣ መሣሪያውና ትርፉ ገና አልተነኩም። ሰዓት የማይመዘግብ ባለጋራዥ በ64 ብር አስቦ ቢያስከፍል መክሰሩን እንኳ አያውቅም።

ደንበኛው በበኩሉ፣ “መካኒኩ ዘገምተኛ ቢሆን ለምን እኔ እከፍላለሁ?” ይላል። እውነት አለው። ስለዚህ እንደ ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን መለወጥ ያሉ የታወቁ ሥራዎች ሰዓታቸው አስቀድሞ ተቆርጦ ይነገረው። ብልሽት ፍለጋ ከሆነ ጣሪያ ተቀምጦለት፣ ከዚያ ከማለፉ በፊት በስልክ ይጠየቅ። የተበላሸውን ደግሞ የመሥራት ወጪ ግን የጋራዡ ነው።

የዕረፍት ቀን ጥሪም አለ። የሐይቅ ዳር ሆቴል ጄኔሬተር እሑድ ቆሞ ቴክኒሻን ቢጠራ፣ እሑድ የሳምንት ዕረፍቱ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሰዓት ክፍያው ሁለት እጥፍ ነው። በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል፣ በሥራ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ 1.75 እጥፍ ይሆናል። ለደንበኛው በመደበኛው ዋጋ ሒሳብ የሚልክ አሠሪ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል፤ ወይም ከሠራተኛው ይነጥቃል። የተነጠቀ ባለሙያ ደግሞ ደንበኞቹን ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ የሥራ ትእዛዝ ወረቀት፦ ሥራው፣ የሠራው ሰው፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ሰዓት፣ የቆመበት ምክንያት። በሒሳቡም ላይ ዕቃና ጉልበት ለየብቻ ይጻፉ። በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎችም ሆነ ከሆቴሎች ጋር የጥገና ውል የሚመኝ ጋራዥ፣ ሒሳቡን ዘርዝሮ ማስረዳት ሳይችል የሚያዘልቅ ደንበኛ አያገኝም።