አውሮፕላኑን ያዋሰ ታሪኩንም ያርማል

ቡታጅራና ወልቂጤ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን «ቶፕ ጋን»ን ያየን ሰዎች ጥቁሮቹ የጠላት ጄቶች ሲመቱ የነበረውን ጭብጨባ አንረሳውም። «ሚግ 28» ይባላሉ። እንዲህ የሚባል ተዋጊ ግን በዓለም ላይ የለም። ጠላት ሆኖ የበረረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለልምምድ የጠላትን ሚና የሚሰጠው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ኤፍ 5 ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት አብራሪዎቻችን ኦጋዴን ሰማይ ላይ የሶማሊያን ሚግ 21 የጣሉበትም ኤፍ 5 ነበር። ኦጋዴን የዘመቱ አባቶችን ከላይ የሸፈነው ዓይነት አውሮፕላን ለልጆቻቸው ጠላት ሆኖ ቀረበ።

አውሮፕላኑን ያዋሰው አካል ደግሞ ታሪኩ ላይም ሥልጣን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1986 ለወጣው ለዚህ ፊልም ፓራማውንት ለጦሩ የከፈለው 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ለተዋጊ ጄቶችና ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ይህ እጅግ ርካሽ ነው። ቀሪው የተከፈለው በስክሪፕቱ ነው። የዋናው አብራሪ የበረራ ጓድ የጉስ አሟሟት ተቀየረ፤ የባሕር ኃይሉ ባልደረባ የነበረችው ፍቅረኛ ሲቪል ባለሙያ ሆነች። በዚያው ዓመት የወጣው «አይረን ኢግል» ግን ወጣት ልጅ ኤፍ 16 ይዞ ስለሚሄድ የአሜሪካ አየር ኃይል አልተባበርም አለ፤ አዘጋጆቹ እስራኤል ሄደው ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለወጣው «ቶፕ ጋን፦ ማቬሪክ» ደግሞ አንድ ኤፍ 18 በሰዓት 11,374 ዶላር ተከፍሎበታል፤ ጦሩ ዋና ዋና መልእክቶቹን በስክሪፕቱ እንዲያስገባም ውሉ ይፈቅድ ነበር።

የአሜሪካ ጦር ሞቃዲሾ ላይ ስላደረገው ውጊያ የሚተርከው «ብላክ ሆክ ዳውን»ም ሞሮኮ ውስጥ የተቀረጸው የአሜሪካ ጦር በላካቸው ሄሊኮፕተሮችና ወታደሮች ነው። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች በገዛ ከተማቸው ከጥይት ተኩስ በቀር የሚናገሩት የላቸውም ማለት ይቻላል።

ጦር ከፊልም ሠሪ ጋር መሥራቱን አልቃወምም። ተዋጊ ጄት የሚከራይበት ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ የእኛም የኦጋዴን ሰማይ ታሪክ ያለ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ሊቀረጽ አይችልም። ሊቀረጽም ይገባዋል። የኤፍ 5 አብራሪው ለገሰ ተፈራ ሚጎችን ጥለው፣ በኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ፤ ሶማሊያ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ታሰሩ። የትኛውም የሆሊውድ ጸሐፊ ይህን አላለመውም።

የምሰጋው አየር ኃይሉ አውሮፕላን ሲፈቅድ ምን እንደሚያስቀር ነው። ድሉን በደስታ ያሳያል፤ የአሥር ዓመቱን እስርስ? የቀድሞው የአየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል ፋንታ በላይ ከ1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስረው ሕይወታቸው ማለፉንስ? አሜሪካኖች ቢያንስ ጦሩ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ከተዋዋላቸው ሰነዶች ብዙዎቹን በመረጃ ነፃነት ሕጋቸው አማካይነት አስወጥተው አንብበዋል። እኛ ሰነዱ ዘግይቶ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። የመጀመሪያው የኤፍ 5 ፊልም ሲሠራ ውሉ፣ ጦሩ «ይህ ይውጣ» ያለው ትዕይንት ሳይቀር፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ይታተም። የቡታጅራ ተመልካች ቲኬት ሲቆርጥ ስክሪፕቱን ማን እንዳረመው ማወቅ መብቱ ነው።