ቤት ገዛሁ ያለ ሰው ሙግት እንዳይገዛ

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ መሆኑን የሚስት የለም። ዳሩ ግን ምግብ በየቀኑ፤ ልብስም በየጊዜው ሲገዛ፤ ቤትን ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ፤ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚገዛ በገበያ ያገኘው ልምድ ለዚህ አይበቃውም። ሸማ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በእጁ ዳስሶ፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ፤ በ3 ሱቅ ዋጋ ጠይቆ ይገዛል። ይኸው ሰው የብዙ ዓመት ጥሪቱን አውጥቶ ቤት በሚገዛበት ጊዜ ግን በደላላ ወሬና በሻጭ መሐላ ተማምኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ከዚያም በኋላ የሚከተለው ሙግት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በየችሎቱ ደጃፍ የሚታይ ነው።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ከተማ ቤት የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሊያስብበት የሚገባውን ነገር በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። የምክራችንም ሥሩ አንድ ነው። ይኸውም ቤት የሚገዛው በግድግዳው አይደለም፤ በመዝገቡ ነው፤ የምንለው ነው።

አስቀድሞ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። የመንግሥት ጽሑፎችን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስ የዘወትር ሥራዬ ስለ ሆነ፤ ቃልና ነገር በተለያዩ ጊዜ ምን ያህል ጉዳት እንደሚደርስ ሳላስተውል አልቀረሁም። በተለምዶ «እገሌ ቦታውን ሸጠ» እንላለን። ነገር ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፤ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑንም ደነገገ። እንግዲህ ሻጭ ሊያስተላልፍ የሚችለው የሠራውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው በተላለፈ ጊዜ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው አዟል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው «ይዞታው ነባር ነውን? ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነስ ስንት ዓመት ቀርቶታል? ያልተከፈለ ዕዳስ አለበትን?» ብሎ ሳይጠይቅ ስለ ዋጋ አፉን መክፈት አይገባውም። ደንብ በየጊዜው ስለሚሻሻልም መልሱን ከደላላ ሳይሆን ከይዞታው መሥሪያ ቤት መቀበል አለበት።

ሁለተኛው ነገር የውሉ ሥርዓት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፤ ደግሞም በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና አስታወቀ። ከዚህም በኋላ ሻጩ ውሉን ሳይክድ በቀረ ጊዜ ፍርዱ ለገዢ የተቃናበት ጉዳይ አልጠፋም። ነገር ግን ጥሪቱን ሁሉ በሌላ ሰው ሕሊና ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብልኅ አይባልም።

«ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው አነጋገር የአባቶቻችንን ክብር የሚገልጥ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ዳሩ ግን እነዚያው አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በሠፈር ሽማግሌ ፊት በ3 ምስክር የተጻፈ ወረቀት ለዕርቅ ይጠቅም ይሆናል፤ ለቤት ግን አይበቃም። ይልቁንም ብዙዎች የሚዘነጉት ውል ከተዋዋሉ በኋላ የሚቀረውን ደረጃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1185 እንደሚያመለክተው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። እንግዲህ ውሉን ተፈራርሞ ስሙን ሳያዛውር ዓመት ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው፤ ቁልፉ በኪሱ ቢሆንም በመዝገቡ ዘንድ ገና እንግዳ ነው።

ሦስተኛው ስለ ውክልና ነው። በዕጣ የተገኘ የጋራ መኖሪያ ቤት ለ5 ዓመት ለሌላ እንዳይተላለፍ የሚከለክለውን ደንብ ለማለፍ፤ ወይም ቀረጥን ለመሸሽ፤ ሻጭ ለገዢ ውክልና ሰጥቶ ገንዘቡን ተቀብሎ መሄድ የተለመደ ሆኗል። ይህ ለጊዜው ቀላል መስሎ የሚታይ መንገድ ፍጻሜው አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226 መሠረት ወካይ የሰጠውን ሥልጣን በፈቀደው ጊዜ ሊሽር ይችላል። በቁጥር 2232 መሠረትም ወካዩ በሞተ ጊዜ ውክልናው ያበቃል። ገዢው «ቤቴ ነው» ብሎ ወለሉን አስነጥፎ፤ አጥሩን አሳጥሮ ሲኖር ሻጩ በድንገት ቢሞት፤ ስለ ነገሩ ምንም የማያውቁ ወራሾች በመዝገብ የአባታቸው ስም የተጻፈበትን ቤት ሊጠይቁ ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ ውክልናው ተራ ወረቀት ነው። ውክልና ሰውን ወክሎ ሥራ ለመሥራት የተሰጠ ሥልጣን ነው እንጂ የሽያጭ ውል አይደለም። ስለዚህ የመከልከያው ዘመን ያልተፈጸመበትን ቤት አለመግዛት ይሻላል። በርግጥ በሌላ አገር የሚኖር ባለቤት በወኪል አማካይነት ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን ወኪሉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን የተሰጠው መሆኑን፤ ሥልጣኑም በውሉ ቀን አለመሻሩን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይገባል።

አራተኛው የትዳርና የውርስ ጉዳይ ነው። የይዞታ ማረጋገጫው በባል ስም ብቻ ቢጻፍ ቤቱ የባል ብቻ ነው ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር በአንቀጽ 68 አዟል። ያልተስማማው ወገን ነገሩን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር፤ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «ሚስቴ ክፍለ ሀገር ናት፤ ኋላ ትፈርማለች» ቢል ገዢ ትፈርም ዘንድ ይጠብቅ። ሻጩ «ሚስት የለኝም» ቢልም ያላገባ ወይም የተፋታ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቀው፤ ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም። በውርስ የመጣ ቤት ሲሆንም ወራሾች ሁሉ በፍርድ ቤት መታወቃቸውና ሁሉም መስማማታቸው ሳይረጋገጥ፤ ከወንድማማቾች አንዱ ብቻ በያዘው ካርታ ተማምኖ ገንዘብ መክፈል የቤተ ሰብ ጠብ መግዛት ነው።

አምስተኛው ቤቱ ያለበት ዕዳ ነው። የባንክ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ሻጩን ተከትሎ አይሄድም። የፍርድ ቤት ዕግድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከዕዳና ከዕግድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከይዞታው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ከወራት በፊት የተጻፈ ሳይሆን በውሉ ሰሞን የተሰጠ ይሁን። የመብራትና የውሃ ሒሳብ፤ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር መከፈላቸውንም በደረሰኝ መመልከት ነው። ከዚህም ጋር የከተማውን ፕላን መጠየቅ እንዳይዘነጋ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንገድ ኮሪደር ልማት በተጀመረ ጊዜ በፒያሳና በሌሎችም ሠፈሮች የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ መዛወራቸውን ሁሉ ያየው ነገር ነው። ነገ መንገድ የሚያልፍበትን ቤት ዛሬ በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ሰው ሻጩን ከመውቀሱ በፊት አለመጠየቁን ይውቀስ።

ስለ ቤቱ አካልም ጥቂት እንናገር። ቤትን በጥር ፀሐይ አይቶ መግዛት ፈረስን በጋጣው አይቶ እንደ መግዛት ነው። ቢቻል በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጊዜ ይታይ፤ በዚያን ጊዜ ጣሪያውም መሠረቱም እውነቱን ይናገራሉ። ካልተቻለም በግድግዳው ሥር የእርጥበት ምልክት፤ በኮርኒሱ ላይ የውሃ ነጠብጣብ፤ በቅርቡ ብቻውን ቀለም የተቀባ ማዕዘን እንዳለ ማስተዋል ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ምሰሶዎቹ በምስጥ አለመበላታቸውን ዐዋቂ አናጢ ይመርምር። የቦታውንም ስፋት በገመድ አስለክቶ ከካርታው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ከካርታው ውጭ የተሠራ ማድ ቤት ወይም የታጠረ ቦታ አይሸጥም፤ አይገዛምና። ጎረቤትም መጠየቅ ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና የአጥር ክርክር መኖሩን ከጎረቤት ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፤ ዋጋ የሚታወቀው ሻጭ በጠየቀው ሳይሆን በዚያው ሠፈር በቅርቡ በተሸጡት ቤቶች ነው። ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ በጽሑፍም ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፤ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህን ሁለቱም ዐውቀው ይፈራረሙ። የቀረውም ገንዘብ በጆንያ ሳይሆን በባንክ በኩል በውሉ ቀን ይተላለፍ። ዋጋውም በውሉ ውስጥ በእውነት ይጻፍ። ለቀረጥ ሲባል ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍ እንደ ብልኅነት ሲቆጠር እንሰማለን። ነገር ግን ውሉ የፈረሰ እንደ ሆነ ዳኛ የሚያየው የተጻፈውን ነው። 5 ከፍሎ 2 ያስጻፈ ሰው ከቀረጥ ያተረፈውን በ3 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያጣው ይችላል። ከዚህም በላይ የመንግሥትን ድርሻ የሸሸገ ሰው በመንግሥት ችሎት ፊት ቆሞ እውነቱን ለመናገር ድፍረት ያጣል።

ለሻጭም ምክር አለን። በችግር ጊዜ ተቻኩሎ የሚሸጥ ሰው የቤቱን ሳይሆን የችግሩን ዋጋ ይቀበላል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው ነው። ስለዚህ ቤቱን ከመሸጡ በፊት የሚገባበትን ቤት ይወቅ፤ ግብሩንና ዕዳውን አስቀድሞ ያጥራ፤ የፈሰሰውን ጣሪያ ይክደን፤ ያለበትን ጉድለት አይሸሽግ። ሙሉ ዋጋው ሳይከፈለው ቁልፉን አይስጥ፤ ካርታውንም ለማያውቀው ደላላ አያስረክብ። ደላላ ገዢና ሻጭን በማገናኘቱ ደመወዝ ይገባዋል፤ ደመወዙ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። ለሻጭ አንድ ዋጋ፤ ለገዢ ሌላ ዋጋ የሚናገር ደላላ ሁለቱንም ስለሚጎዳ ሻጭና ገዢ ዋጋውን ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ አይዋዋሉ።

በመጨረሻም ለአስተዳዳሪዎች የምናቀርበው ቃል አለን። ከላይ የዘረዘርነው ጥንቃቄ ሁሉ የሚፈጸመው መዝገቡ የተከፈተ፤ ጸሐፊውም የሚገኝ እንደ ሆነ ነው። ነጋዴው ወይም ሠራተኛው ስለ አንድ ካርታ ሲጠይቅ «ነገ ና» እየተባለ ወር የሚመላለስ ከሆነ፤ ፋይሉም ጠፍቶ የሚፈለግ ከሆነ፤ በጓሮ የሚደረገውን ውልና የውክልናን ሽያጭ የወለደው የሕዝቡ ድንቁርና ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። መዘግየትም ወላጅ ነው። የአገልግሎቱ ዋጋና የሚያስፈልገው ማስረጃ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ፤ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ቢወሰን፤ ሰው ሕጋዊውን መንገድ የሚሸሽበት ምክንያት ይቀንሳል። መንግሥትም ቀረጡን ያገኛል፤ ችሎቱም ከክምር መዝገብ ያርፋል። የቤት መዝገብ የሚጠብቅ ሹም የወረቀት ዘበኛ አይደለም። አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ከነልጆቿ በቤቷ ትቀር ዘንድ ወይም ወደ ጎዳና ትወጣ ዘንድ የሚወስነው እርሱ በጻፈው አንድ መስመር ነው።

በአገራችን ሰው አዲስ ቤት በገባ ጊዜ ጎረቤቱ «ቤት ለእንቦሳ» ይለዋል፤ እርሱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ምርቃት ያለ ስጋት ለመቀበል የሚችለው ስሙን በመዝገቡ ላይ አጽፎ የገባ ሰው ነው።