«የእጇን ነው ያገኘችው» ላላችሁን



ባለፈው ስብሰባችን ላይ የሆነውን የነበራችሁ ሁሉ አትረሱትም። ሳውዲ አረቢያ ውስጥ አረቄ ስታወጣ ተይዛ ለታሰረችው ለጎረቤታችን ልጅ፣ እናቷን የምንደግፍበት መዋጮ እንዲደረግ ሐሳብ ቀረበ። ወዲያው ከወደ ኋላ አንዱ «የእጇን ነው ያገኘችው! የሰው አገር ሕግ ማክበር ነበረባት» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ለአረቄ አውጪ አናዋጣም» አለ። ነገሩም እንደ ዋዛ ቀረ። በዚያን ዕለት ዝም በማለታችን አፍረናል፤ ዛሬ ግን ዝም አንልም።

ለመሆኑ ይህ ሰፈር ስንቱን ልጅ ያሳደገው በምን ገንዘብ ነው? በጠላና በአረቄ አይደለም እንዴ! ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ከጭስ ጋር ስትታገል አድራ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችውን ሴት ሁላችንም «እትዬ» ብለን በአክብሮት እንጠራለን። ያቺ ልጅ ከእናቷ ተምራ ይዛ የሄደችው ሙያ ይኸው ነው። እዚህ የሚያስመሰግነው እዚያ ወህኒ ያስገባል። ይህን ማን ነገራት? ደላላው የነገራት ስለ ደመወዙ ብቻ ነው፤ እሱንም ዋሽቶ። ማዳሟ የሰባት ወር ደመወዝ ከልክላት ከቤት ስትወጣ፣ ኢቃማ የሌላት ልጅ ምን ሠርታ ትብላ?

ሕጉንም ቢሆን እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ልዑል ጂዳ ላይ መጠጥ ይዞት የእንግሊዝን ምክትል ቆንስላ ተኩሶ ገደለ። በዓመቱ ንጉሥ አብዱል አዚዝ መጠጥን ለውጭ ዜጋ ሳይቀር ከለከሉ። (ያጠፋው ልዑል፣ መዘዙ ለሁሉ!) ቅጣቱ ለብዙ ዘመን እስራትና ጅራፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በራሳቸው ውሳኔ የሚፈርዱት ግርፋት በእስራት ወይም በገንዘብ እንዲተካ አዘዘ። እስራቱና ከአገር መባረሩ ግን አሁንም አለ። የኢራን ሕግ ደግሞ ለጠጪ ሰማንያ ጅራፍ ይደነግጋል፤ ሦስት ጊዜ ተቀጥቶ በአራተኛው ለተያዘ ሞት ነው።

አሁን ይህን አስተውሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አረጋዊ እንግሊዛዊ እዚያው ጂዳ ቤት የተጠመቀ ወይን በመኪናው ሲያጓጉዝ ተያዘ። አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ ቤተሰቦቹም 350 ግርፋት ይጠብቀዋል ብለው ጮኹ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ደብዳቤ ጻፉለት። በዚያው ሰሞን መንግሥታቸው ከሳውዲ ወህኒ ቤቶች ጋር ሊያደርገው ያሰበውን የሥልጠና ውል ተወ። ሽማግሌው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ተፈትቶ አገሩ ገባ። እሰየው፣ ደስ ብሎናል! ግን አንድም እንግሊዛዊ ጎረቤቱ «የእጁን ነው» ሲል አልሰማንም። ለእኛ ልጅ ማን ይጻፍላት? እኛው እንኳ አምስት ብር ነፈግናት።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሪያድ ላይ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች የመጠጥ መደብር ተከፍቷል። ዲፕሎማቱ ተመዝግቦ ይገዛል፤ የቤት ሠራተኛዋ ትታሰራለች። ሕግ ነው ካላችሁ፣ ሕግ ለሁሉ አንድ ሲሆን አይደለም ወይ ሕግ የሚባለው?

ክልከላው መጠጡን ያጠፋል የምትሉም አላችሁ። ኩዌትም ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 እዚያ በድብቅ የተሠራ፣ ሜታኖል ያለበት መጠጥ 160 ሰው መርዞ 23ቱን ገደለ። ብርሃናቸውን ያጡም አሉ። በድብቅ የሚጠመቀውን ማን ቀምሶ ይመረምረዋል?

እኛ የማንንም ሃይማኖት አንነቅፍም። በዚሁ ሰፈር መጠጥ የማይቀምሱ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉን፤ መዋጮውን ደግፈው አስቀድመው እጃቸውን ያወጡት እነሱ ነበሩ! የምንነቅፈው ለአንድ ጀሪካን አረቄ የሰው ጀርባ መተልተሉን ነው፤ ደሃ ብቻ ተለይቶ መቀጣቱን ነው፤ ከዚያ በላይ የእኛን ምላስ ነው።

ደላላውም ይስማ፤ እንዳልታወቀ አይምሰለው። ልጅ ለመላክ የምታስቡ ወላጆች፣ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ከጉዞ በፊት ሥልጠና ያገኛል፤ በባሕር በየመን የሚሄድ ግን የሚነግረው የለም።

መዋጮው በመጪው ስብሰባ እንደገና ይቀርባል። «የእጇን ነው» ያላችሁም ኑና ያንኑ ቃል ድገሙት። እናቷ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ።