ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚገባው ስንቅ

በሐረር ከተማ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለሚያድጉት ሕፃናት ጸሎተ ሃይማኖትን የሚያስጠኑ፣ ለቅዱስ ቁርባንና ለምሥጢረ ሜሮን የሚያዘጋጁ፣ የንዑሰ ክርስቲያንንም ጥያቄ ተቀብለው የሚመልሱ ሰዎች ብዙዎቹ ካህናት ወይም ደናግል ሳይሆኑ፣ ሳምንቱን በየሥራቸው ሲደክሙ ሰንብተው የዕረፍታቸውን ቀን ያለ ደመወዝ ለዚህ አገልግሎት የሚሰጡ ምእመናን ናቸው፤ አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፣ ሌላዋ ነርስ ናት፣ ሦስተኛው ገና የኮሌጅ ተማሪ ነው። እነዚህን ሰዎች በዓመት አንድ ቀን በጉባኤ ፊት አቁሞ ማመስገን ልማዳችን ሆኗል፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ለመናገር የፈለግሁት ከምስጋና ስለሚቀድም ዕዳ ነው፤ ይኸውም መምህሩን በሕፃናት ፊት ከማቆም በፊት ማስተማር፣ ካቆሙትም በኋላ ብቻውን አለመተው፣ ቁምስናው ሲመቸው የሚያደርገው ትሩፋት ሳይሆን በፍትሕ የሚከፍለው ግዴታ ነው።

ይህን ስል አዲስ ሥርዐት መሻቴ አይደለም፤ የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ገና ሲመሠረት ይህን ዕውቀት ይዞ ነው የተነሣው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛ ኋላ የሐረር የተባለውን ሐዋርያዊ ቪካሪያት ለኦሮሞ ሕዝብ አቁመው፣ በአገራችን አቡነ መሲያስ እየተባሉ የሚታወቁትን ካፑቺናዊውን ጉልየልሞ ማሳያን ሾሙለት (ሌላ ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እኒህ ሰው ከአገር ወደ አገር እየተሳደዱ በኖሩበት ዘመን መካከል፣ በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት መጽሐፍ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ነው፤ መጽሐፉም ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡት ሚስዮናውያን መማሪያ ይሆን ዘንድ እንደ ተጻፈ ርእሱ ራሱ ይናገራል። ሥራ የበዛበት፣ ጠላት የከበበው፣ ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ አንድ ጳጳስ ተቀምጦ የግስ እርባታ ሲጽፍ ለተመለከተው ሰው ነገሩ ሊያስገርመው ይችላል፤ ነገር ግን አቡነ መሲያስ የተማሪውን ቋንቋ የማያውቅ መምህር ወንጌልን ቢሸከምም ሊያወርደው እንደማይችል ስለ ተረዱ፣ የሚያስተምሩትን ማስተማርን ከስብከት እኩል ቈጠሩት።

እርሳቸው በ1879 ከሸዋ እንዲወጡ ከተደረጉ በኋላ፣ ተተኪያቸው ሞንሴኘር ቶሪን ካኘ ግብፆች ከተማይቱን ይዘው በነበሩበት ጊዜ፣ በ1881፣ ወደ ሐረር ገቡ፤ ሚስዮኑም በጀጎል ግንብ ውስጥ ሥር ሰደደ። ከ1900 ጀምሮ ደግሞ በአገሩ አጠራር አባ እንድርያስ የተባሉት ሞንሴኘር ጃሮሶ ቪካሪያቱን መሩ። በእርሳቸው ዘመን ከሚስዮኑ ትምህርት ቤት ከወጡት ሁሉ ስሙ ያልጠፋው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነው፤ የልዑል ራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ከእርሱ እግር ሥር ተምረዋል፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሕይወታቸውን በጻፉበት መጽሐፍ በፍቅርና በአድናቆት አንሥተውታል፤ በ1907 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በሐረማያ ሐይቅ ላይ ታንኳቸው በሰጠመች ጊዜ ተማሪው ሲተርፉ መምህሩ ሞተ። ከዚህ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የልዑሉ ክብር ሳይሆን የነገሩ ቅደም ተከተል ነው፤ አባ ሳሙኤል መምህር ከመባሉ በፊት ለረጅም ጊዜ ደቀ መዝሙር ነበረ፣ ጳጳሱም ያስተማሩትን ሰው እንጂ ያገኙትን ሰው አልላኩም።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም በዚህ ነገር አልጎደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ ካቴኪስቶችን፣ ማለት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን፣ አመስግኖ አላበቃም፤ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋምላቸው፣ ዕውቀታቸው በየጊዜው እንዲታደስ፣ ሙሉ ጊዜያቸውን ለሚሰጡትም ተገቢ መተዳደሪያ እንዲቈረጥላቸው አዘዘ። የ1983ቱ ሕገ ቀኖናም ካቴኪስቶች በሚገባ እንዲሰናዱና ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ መጠበቅን የጳጳሱ ኀላፊነት አደረገው። በ2021 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ካቴኪስትነትን ራሱን የቻለ የምእመናን አገልግሎት አድርገው በሐዋርያዊ ደብዳቤ ሲያጸኑት፣ ለዚህ አገልግሎት የሚጠራ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በነገረ መለኮት፣ በእረኝነትና በማስተማር ጥበብ ሊታነጽ እንደሚገባ አብረው ጻፉ። እንግዲህ የጎደለን ትእዛዝ አይደለም።

የጎደለን ምን እንደ ሆነ ለማየት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ኋላ መቀመጥ ይበቃል። እኔ በተቀመጥሁበት ክፍል እግራቸው ወለሉን ያልነካ የሰባት ዓመት ሕፃናትና ጢም ማብቀል የጀመሩ ጎረምሶች በአንድ አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀው አንድ መጽሐፍ ከመምህርቷ ጋር ነበር፣ ተማሪዎቹ ምንም አልነበራቸውም። መምህርቷ ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ቤቷ ሳትገባ የመጣች ነርስ ናት። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ በመልካም ድምፅ ስታነብብ ሳለ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፦

«እትዬ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሦስት አምላክ ነው የምታመልኩት እያለ ይከራከረኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?» አላት።

እርሷም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ይህ ምሥጢር ነው፤ ስታድግ ይገባሃል» ብላ ንባቧን ቀጠለች። የመለሰችው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ይህን መልስ ይዞ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ሊሄድበት አይችልም ነበርና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ትምህርቱ ሲያልቅ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሲስተር መምህርቷን በሰው ፊት ሳይወቅሱ ወደ ጥላ ወሰዷትና «ልጄ፣ ይህ ልጅ ማለዳ ሲያማትብ ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» ብላ መለሰች። «እንግዲያውስ መልሱ በገዛ አፉ አለ። ነገሩን ከአንድነቱ ጀምሪለት፤ እኛም እንደ እናንተ አንድ አምላክ ብቻ እናመልካለን ብሎ ይንገረው፤ ስለ አብ፣ ስለ ወልድና ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚለውን ከዚያ በኋላ ይናገር። ደግሞም ጎረቤቱን እንዲያከብር እንጂ እንዲረታ አትላኪው» አሏት። በሌላው እሑድ መምህርቷ ትምህርቷን ከዚሁ ጀመረች፤ የልጁም ፊት ተፈታ።

ሐረር ለክርስቲያን ሕፃን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሌላ ከተማ አስቀድማ ታቀርብለታለች። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው የጀጎል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ የእኛ ልጅ ጓደኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወደ ቁርኣን ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ቃሉን በቃላቸው ሲይዙ፣ የሰላቱን ሰዓት ሲጠብቁ እያየ ያድጋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የኦርቶዶክስ ወንድሞቹ ዳዊት ደጋሚና ዜመኛ የሚያፈራ የጥንት የአብነት ትምህርት አላቸው። በእነዚህ ሁለት ጽኑዓን ትምህርቶች መካከል ለካቶሊካዊው ሕፃን የተመደበለት በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ይህ ሰዓት ባልተዘጋጀ መምህር እጅ ሲባክን ማየት ልቤን ያሳዝነዋል፤ የአብነቱ የኔታ ራሱ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት እያለ በልመና እንጀራ ዓመታት ከቈጠረ በኋላ እንጂ በበጎ ፈቃዱ ብቻ ከወንበር አልተቀመጠምና።

አንዳንድ ወዳጆቼ ግን «ሰውየው በነጻ ነው የሚያገለግለው፤ ሥልጠና እያልን ብንጫነው ይሸሻል» ይሉኛል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ወጣቱ አገልጋይ የሚሸሸው ብዙ ሲጠየቅ ሳይሆን፣ በሕፃናት ፊት መልስ ባጣ ቍጥር የሚሰማውን ኀፍረት የሚያካፍለው ሰው ሲያጣ ነው፤ ደግሞም ሳይናገር፣ በጸጥታ ነው የሚቀረው፤ እኛም «ቅንዓቱ በረደ» ብለን እንፈርድበታለን። በግብረ ሐዋርያት የተጻፈው አጵሎስ አንደበተ ርቱዕና በመጻሕፍት የበረታ ሰው ሳለ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበረ፤ ጵርስቅላና አቂላ የተባሉ ባልና ሚስት፣ በሙያቸው ድንኳን ሰፊዎች፣ በምኩራብ ሲናገር ሰምተው በጉባኤ አላሳፈሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥብቀው አስረዱት፤ ከዚያም በኋላ ወደ አካይያ ሊሄድ በፈለገ ጊዜ ወንድሞች ደብዳቤ ጽፈው ላኩት። ማረም፣ ማበርታትና መላክ በአንድነት የተገኙበት ይህ ምዕራፍ ለየቁምስናችን የሥልጠና መርሐ ግብር ሆኖ ቢጻፍ ምንኛ በወደድሁ።

ስለ ስንቁ ዝርዝር ስናገር ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የቋንቋን ነገር ነው። በከተማይቱ አማርኛው ቢበቃም፣ ከከተማይቱ ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ያለው ሕፃን የሚያስበው በኦሮምኛ ነው፤ አንድ መምህር በአማርኛ የተማረውን ትምህርት በመንገድ ላይ ለብቻው ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ እንዲያስተምር መተው፣ ከአቡነ መሲያስ ሰዋስው ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ በኋላ ለእኛ የሚያስመሰግነን አይደለም። መጽሐፉም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሕፃን ባይደርስ ለእያንዳንዱ መምህር ሊደርስ ይገባል። የባጃጁን ሒሳብ ከኪሱ እየከፈለ ለሚመላለሰው ተማሪ ቁምስናው ያን ቢሸፍንለት ደመወዝ ሰጠው አይባልም፤ ሕገ ቀኖናው ራሱ ሙሉ ጊዜያቸውን ለሰጡት ከዚህ የበለጠውን ይፈቅድላቸዋልና። የሕፃናት ደኅንነትም ከዚህ አይለይም፤ ማን ከማን ጋር፣ በምን ሰዓት፣ በሩ በተከፈተ ክፍል እንደሚያስተምር የሚደነግግ ሥርዐት ሕፃኑንም መምህሩንም ይጠብቃል፤ ይህንንም ለአዲሱ አገልጋይ በመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው፣ ቆሞሱ ወይም አንድ የበሰለ መምህር አልፎ አልፎ በክፍሉ ገብቶ፣ እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም ተቀምጦ፣ የሰማውን ነገር ኋላ ለብቻ ማስረዳቱ ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚፈተንበት ጊዜ ሳይታሰብ ይመጣል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የነበረው ጴጥሮስ ቶ ሮት በወጣትነቱ በካቴኪስቶች ትምህርት ቤት ተምሮ በትውልድ መንደሩ ያስተምር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የሚኖርበትን ደሴት ይዘው ሚስዮናውያኑን ባሰሩ ጊዜ፣ ማጥመቅም፣ ማስተማርም፣ ጋብቻን መጠበቅም በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በ1945 ስለዚሁ ተገደለ፣ በ2025 ጥቅምት ወር ከቅዱሳን ተቈጠረ። በእኛም አገር ጣሊያን በወረረን ዘመን ሞንሴኘር ጃሮሶ ዕድሜያቸውን ያሳለፉባትን ሐረርን ትተው ወደ ፈረንሳይ መሄድ ግድ ሆነባቸው፣ በ1941ም በዚያው ዐረፉ። ጳጳስ ይሰደዳል፣ ካህን ይዛወራል፣ ሲስተሯም በማኅበሯ ትእዛዝ ወደ ሌላ ሀገረ ስብከት ትሄዳለች፤ ከሕፃናቱ ጋር በሰፈሩ የሚቀረው ያ የእሑድ መምህር ነው።

ስለዚህ በሐረርና በዙሪያዋ ላሉት የቁምስና ጉባኤያት የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ለጣሪያ ቆርቆሮና ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ ስትመድቡ፣ በዚያው መዝገብ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሥልጠና፣ ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ አንድ ረድፍ ጻፉ፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም መስከረም ላይ ክፍል የሚይዙትን ሰዎች ስም ለይታችሁ፣ የክረምቱን ቅዳሜዎች ለትምህርታቸው ስጧቸው። አንተም በመምህርነት ኖረህ ጡረታ የወጣህ ወንድሜ፣ አንቺም ክፍል ማስተዳደርን የምታውቂ እኅቴ፣ ነገረ መለኮት አልተማርንም ብላችሁ አትቅሩ፤ ሕፃናትን በዕድሜያቸው መለየትን፣ ጥያቄን በትዕግሥት መስማትን፣ የዕለቱን ትምህርት አስቀድሞ በወረቀት ማሰናዳትን ለእነዚህ ወጣቶች ማሳየት የምትችሉት እናንተ ናችሁና፣ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቆሞሱ ቀርባችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ።