መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ቦታው ይዳሰስ

የዛሬውን ጨዋታ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

በሥራ ላይ ሳለሁ፣ ከአንኮበር በታች ካለ ቀበሌ እየመጡ ክትትል የሚያደርጉ አንዲት እናት ነበሩ። ኢንሱሊን ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየቀጠሮው ስኳራቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል። «እማማ፣ መርፌውን ሳይዘሉት አልቀሩም» እላቸዋለሁ። «ኧረ ልጄ፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም» ይላሉ። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ እኔ እመዘግባለሁ፤ እሳቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሚቀጥለውም ቀጠሮ ያው ነው።

አንድ ቀን «እስቲ የሚወጉበትን ቦታ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ቀሚሳቸውን ገለጥ ሲያደርጉ፣ ቀኝ ጭናቸው ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አየሁ። አልቀላም፣ አይሞቅም፣ ሲጫኑትም አያምም። «እዚህ ጋ ስወጋው አይሰማኝም፤ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ መጠን ሲጨመርላቸው ቆዳቸውን የዳሰሰ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ይህ እብጠት መግል አይደለም፤ ስብ ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ከማስገባቱ ሌላ ስብ እንዲከማች የማድረግ ጠባይ አለው። አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲወጋ፣ ከቆዳ በታች ያለው ስብ ያብጣል፤ ይጠነክራል። ያበጠው ቦታ ደግሞ መድኃኒቱን እንደሚገባ ወደ ደም አያሳልፍም። አንዱን ቀን ያዘገየዋል፣ ሌላውን ቀን ባልታሰበ ሰዓት ይለቀዋል። ምግቡ ሳይለወጥ፣ መርፌው ሳይዘለል፣ ስኳሩ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል የሚለው ለዚህ ነው።

የመርፌ ቦታ ነገር ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጋ፣ መድኃኒቱ በደንብ ያልተጣራ ስለነበር የተወጋበት ቦታ መግል ቋጠረ። ከ12 ቀን በኋላ የተሻለ ተጣርቶ ሲሰጠው ስኳሩ ወረደለት። ዛሬ መድኃኒቱ ጠርቷል፤ ቦታውን መጠበቅ ግን የእኛ ሥራ ነው።

በእኛ አካባቢ ብርዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ በማለዳ ልብስ መግለጥ ማን ይወዳል? ጋቢው ሳይወልቅ፣ እጅ ቶሎ የሚደርስበት ቦታ ላይ ወጋ ይደረጋል። መርፌም ይቆጠባል። ተደጋግሞ የተወጋበት መርፌ ጫፉ ይዶለዱማል፤ ቆዳውንም ይጎዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ እንዳስስ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ገላ በሚታጠብበት ዕለት፣ የሚወጋበትን ቦታ በብርሃን ተመልከቱ፤ በጣት ጫፍም ዳብሱ። ዓይናቸው ለደከመ አያቶች ልጆች ይዳስሱላቸው፤ ለልጆች ደግሞ ወላጆች።

ቀጥሎ ቦታ እንቀያይር። ሆድ (ከእምብርት ሁለት ጣት ርቆ)፣ የጭን የፊትና የውጭ ጎን፣ የክንድ ጀርባና የመቀመጫ የላይኛው የውጭ ጎን ይወጋባቸዋል። ሆድን በሐሳብ አራት ቦታ ከፍላችሁ በየሳምንቱ አንዱን ክፍል ተጠቀሙ። የዛሬው ከትናንቱ ቢያንስ አንድ ጣት ይራቅ። ጭኑን ተወግቶ ወዲያው የአንኮበርን ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የሚሠራ እግር ኢንሱሊኑን ፈጥኖ ወደ ደም ያስገባዋል።

ያበጠውን ቦታ ደግሞ እናሳርፈው። ወራት ቢፈጅም አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። እኚያን እናት «ቦታ ይቀይሩ» ብዬ ሸኘኋቸው፤ ስለ መጠኑ ግን ሐኪሙን አላማከርኩም። ያ ሁሉ የተጨመረ መጠን እብጠቱ ላይ ሲባክን የነበረ ነው። ጤናማ ቆዳ ላይ ሲወጋ ሙሉ በሙሉ ሠራ። በሦስተኛው ሌሊት ላብ አጥምቋቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ የሚናገሩትም እየጠፋቸው የልጅ ልጃቸው ደረሰችላቸው። ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፤ ተረፉ። በኋላ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶላቸው ስኳራቸው ተስተካከለ። ያቺ ልጅ ባትነቃ ኖሮ ግን ይህን ታሪክ በሌላ ድምፅ ነበር የምነግራችሁ።

ስለዚህ ከእብጠቱ ወደ ጤናማ ቦታ ከመዛወራችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ፤ በእነዚያ ቀናትም ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ለኩ። መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ መርፌውንም አታቋርጡ። ስኳሩ የወረደበት ሰው መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙለት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ጤና ተቋም አጣድፉት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ መጠን ሊጨመር ሲባል፣ ሳታፍሩ «መጀመሪያ የምወጋበትን ቦታ ይዩልኝ» በሉ። እኔ እንኳ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለኝ ሰው ቢኖር እንዴት በጠቀመኝ!

ቸር ሰንብቱ።